የሞተር ውሃና የቦኖሻ ሕፃናት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ የሚያናድደኝ ጥያቄ አለ። «ሲስተር አስካለ፣ በጃንሆይ ዘመን የነበራችሁት ነርሶች በዚያ በቆላው ውሃ የዱቄት ወተት እየበጠበጣችሁ ለሕፃናት ታጠጡ ነበር አሉ። አሁን ሲያስቡት አይቆጭዎትም?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ልጆቼ የሚሆኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። መልሴን ግን አላለሳልስላቸውም። አይቆጨኝም። ያኔ የነበረውን ኩሬ ያላየ፣ ከዚያ ኩሬ ጠጥተው የሞቱትን ሕፃናት ያልገነዘ ሰው ስለ ቁጭት ሊያስተምረኝ አይችልም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ያደግኩት ሆሳዕና ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዴ ይሸጣል። እኔም ከደንበኞቹ ልጆች ጋር እየተጫወትኩ ሀዲይኛ ለመድኩ። ነርስነት ተምሬ ስመለስ ደሞዜን ነገርኩት፤ ሳቀና «ከባንኮኒዬ ጀርባ ቁጭ ብትዪ የተሻለ እከፍልሽ ነበር» አለኝ። ስለ ደሞዝ የምለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያው ሆሳዕና ጋሼ ላፌቦ ዘንድ ነበር። ጋሼ ላፌቦ ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ የጤና ረዳት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ የሀዲያ ሰው። እናት ልጇን አቅፋ ስትገባ ጠረጴዛቸውን ትተው ይነሱና አግዳሚው ላይ ከጎኗ ይቀመጣሉ። «ምን ያመዋል?» ብለው ጀምረው አያውቁም። «ምን ጠጣ?» ነው የሚሉት። ውሃው ከየት ተቀዳ? ማን ቀዳው? በምን ዕቃ? እቤት ስንት ቀን ተቀመጠ? እኔ መርፌዬን አዘጋጅቼ ቆሜ ስጠብቅ እሳቸው ስለ እንስራ ያወራሉ። በልቤ «እኚህ ሰውዬ ጊዜ ያባክናሉ» እል ነበር።

እጃቸውንም የሚታጠቡት እናትየዋ ፊት ነው። ጓዳ ገብተው ታጥበው ቢወጡ ማን ያያል? ቀስ ብለው፣ ጥፍራቸውን ሁሉ እየፈተጉ ይታጠባሉ፤ እሷም አይታ እቤቷ ታደርገዋለች። ደግሞ አንድን ነገር «ተዪ» ካሉ ምትኩን ሳይሰጡ አያሰናብቱም። አንዷን እናት ከወንዙ አትቅጂ ካሏት፣ ባርኔጣቸውን አድርገው አብረዋት ይወጡና ምንጩን አሳይተዋት ይመለሳሉ። በሽተኛ ተሰልፎ ይጠብቃል። እኔ እናደዳለሁ። ይህን ልማዳቸውን በጊዜው ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ አንድ ሕፃን ባልሞተ ነበር።

ከዚያ ወደ ቦኖሻ ተዛወርኩ። ከሆሳዕና ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ ይለወጣል፤ ሙቀትና ትንኝ ይቀበሉሃል። ክሊኒኩ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ከአንድ ዘበኛ በስተቀር እኔ ብቻ ነኝ። ሕዝቡ የሚጠጣው ከብት ከሚረግጠው ኩሬ ነበር። በበጋ ውሃው ወፍሮ ጭቃ ይመስላል። እናቶች በነጠላቸው ጫፍ አጥልለው ያጠጣሉ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ይመጣል፤ ማልቀስ አቅቶት አፉን ብቻ ይከፍታል። አንዳንዱን አተርፈዋለሁ። ብዙውን አባቱ በጋቢ ጠቅልሎ ይዞት ይመለሳል።

ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ የተቆፈረው በዚህ ጊዜ ነው። ሞተር ተተከለ፣ ገበያው ዳር ቦኖ ተሠራ። የአውራጃው ምክትል ሹም ግራዝማች መጥተው መረቁት። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆች አሏቸው። «ንጉሠ ነገሥቱ ያጠጧችሁ ውሃ ነው» ብለው ተናገሩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እልል አልኩ። ለምን አልልም? ውሃው እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። በዚያው ዓመት ተቅማጡ ቀነሰ። ሰኞ ጠዋት የክሊኒኩን በር ስከፍት በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን እንደማላገኝ ተማምኜ የምከፍትበት ዘመን መጣ። ሕዝቡ «የሞተር ውሃ» ይለዋል።

ሩቅያን ያመጡልኝ በዚያ ሰሞን ነው። እናቷ በወሊድ ሞተች። አክስቷ እትዬ ፋጡማ፣ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ብርቱ ሴት፣ ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻት።

«ሲስተር፣ ጡት የላትም። አንቺ አሳድጊያት፣ ካልሆነም ንገሪኝና ልቅበራት» አለችኝ።

የእርዳታ የዱቄት ወተት ነበረኝ። ማንኪያው እንዴት እንደሚለካ፣ ዱቄቱ እንዴት እንደማይጓጉል፣ ጡጦው እንዴት እንደሚቀቀል አሳየኋት። ውሃው ከሞተሩ ብቻ ይሁን አልኳት፤ በደንብ ይፍላ፣ ለረጅም ጊዜ ይፍላ አልኳት። የተማርኩት እንደዚያ ነው። ፋጡማ ያልኳትን አንድም ሳታጓድል አደረገች። ሩቅያ ወፈረች፣ ዳኸች፣ ሄደች። በቆላው ያለ እናት ጡት ያደገ ልጅ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ገበያ ውስጥ ፋጡማ አዝላት ስታልፍ ሰው «የሲስተር ልጅ» ይላት ነበር።

ሩቅያ የወተት ጥርሷን ነቅላ ትልልቆቹን ስታበቅል ግን ጥርሱ ነጭ አልነበረም። መጀመሪያ ኖራ የተቀባ መሰለ፣ ከዚያ እንደ ዝገት ቡናማ እየሆነ ሄደ። እሷ ብቻ አይደለችም። ሞተሩ ከተተከለ በኋላ የተወለዱት ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። አስተማሪው ልጆቹን አሰልፎ በከሰል ያስፈትጋቸዋል፤ ድዳቸው ይደማል እንጂ ጥርሱ አይነጣም። የሩቅያ ጉልበቶች ደግሞ ወደ ውስጥ ተጣመሙ። ስትሮጥ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ መሮጥ ተወች።

ሆሳዕና ወጥቼ ለጋሼ ላፌቦ ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡና «ምን ጠጡ?» አሉኝ።

«የሞተር ውሃ ነዋ፣ ጋሼ። ከዚያ የጠራ ውሃ የለም።»

«መጥራቱን አልጠየቅኩሽም። ከደጋው ምንጭ የሚጠጡት ልጆችስ ጥርሳቸው እንዴት ነው?»

አላየሁም ነበር። ተመልሼ አየሁ። ከቦኖሻ በላይ ባሉት ዳገት መንደሮች የልጆቹ ጥርስ ነጭ ነው። ለዓይን ምርመራ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና የመጣ አንድ ሐኪም ነበር፤ ጋሼ ላፌቦ ጊዜ ሳያጠፉ እሱን ይዘውት ወረዱ። ወጣትና ትሑት ሰው ነው። የልጆቹን አፍ አንድ በአንድ አየ፣ ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ቀና አሰኛቸው፣ ከቦኖው ውሃ በጠርሙስ ቀዳና ሄደ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ራሱ ተመልሶ መጣ። ክሊኒኩ ውስጥ እኔን፣ ጋሼ ላፌቦንና ፋጡማን አስቀምጦ ነገረን።

«በውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ» አለ። «ከጥልቅ ዓለት ሟሙቶ የሚወጣ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ጥቂቱ ጥርስ ይጠቅማል፣ ብዙው ይጎዳል። እዚህ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃኑን ነው። ገላው ትንሽ ነው፣ የሚጠጣው ብዙ ነው፣ ጥርሱ ደግሞ ገና ድዱ ውስጥ እየተሠራ ነው። ያኔ የተበላሸ ጥርስ አይመለስም።»

«እግሯስ?» አለች ፋጡማ።

«እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፣ እናቴ። የምግብ ማነስም አለበት። ውሃው ግን ሳያግዝ አልቀረም።»

እኔ ስለ ማፍላቱ ጠየቅኩት። «ማፍላት ተውሳኩን ይገድላል፤ ይሄን ግን አያጠፋውም። ውሃው ተኖ ሲቀንስ እንዲያውም ይጠነክራል» አለኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረን። እናት የሞተሩን ውሃ ብትጠጣም ፍሎራይዱ ወደ ጡቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ይድናል። የሚጎዳው በጡጦ ያደገው፣ ወተቱና አጥሚቱ በዚያ ውሃ የሚበጠበጥለት ነው።

ሐኪሙ ሲወጣ ፋጡማ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ያጠጣናት እኔና አንቺ ነን» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ ፋጡማ። እኛ ነን።»

«ባናጠጣትስ?»

«ትሞት ነበር።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «እንግዲያው አታልቅሺብኝ። ሥራ አለብን» አለችኝ። እያለቀስኩ መሆኔን እስክትነግረኝ አላወቅኩም ነበር። ስለ ሩቅያ የማልቆጨው ለዚህ ነው። ያቺን ሕፃን ዛሬ አምጥታችሁ ያው ኩሬና ያው ሞተር ብቻ ባለበት ጠረጴዛዬ ላይ ብታስቀምጧት፣ ከሞተሩ ቀድቼ አጠጣታለሁ። ለተጣመመው እግሯ ያደረግኩላት ነገር የለም፤ ይህን አልክድም። በሕይወት ግን አለች።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። በንዴት ነበር የጀመርኩት። በገበያ ቀን ከቅቤ ተራው አጠገብ ቆሜ «የሞተር ውሃ ሕፃናትን ይጎዳል፣ አታጠጧቸው!» እያልኩ ተናገርኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ መስጊዱ ደጅ ሄድኩ። ምን ያጠጡ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ወሬው ከእኔ አፍ እንደወጣ አልቀረም። ገበያው ጫፍ ሲደርስ «ሞተሩ መርዝ ነው» ሆነ።

ከጸሎት ቤቱ አጠገብ የምትኖር ለምለሜ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ወንድ ልጇ መቀመጥ ጀምሯል፣ የቡላ አጥሚት ታስለምደዋለች። ለልጇ ብላ፣ እኔን አምና፣ ወደ ድሮው ኩሬ ተመለሰች። ሲያመጡልኝ ዓይኑ ጎድጉዷል። ያንን መልክ ረስቼው ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ በማንኪያ የጨውና የስኳር ውሃ ጠብ አደረግኩለት። አልዋጠውም። ለምለሜ አልጮኸችብኝም። «ተዪ ስላልሽኝ ተውኩት፣ ሲስተር» ብቻ አለችኝ።

ይሄ ነው ቁጭቴ። ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል፤ ኩሬው ግን ይገድላል። ለኔ ግልጽ ስለሆነ ለሁሉም ግልጽ መሰለኝ። ጋሼ ላፌቦ ባርኔጣቸውን አድርገው እናቶችን ምንጭ ድረስ ሲሸኙ ጊዜ ያባክናሉ ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ግራዝማች ወዲያው አስጠሩኝ። ሆሳዕና ቢሯቸው ገብቼ ቆምኩ፤ ተቀመጪ አላሉኝም።

«ሕፃን አስገደልሽ» አሉኝ።

«አዎ፣ ግራዝማች።»

ይህን መልስ አልጠበቁም። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተመረቀን ውሃ መርዝ ነው ብለሽ ሕዝብ አሸበርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ውሃ አንድ ቃል እንዳትናገሪ። ጥርስ ነው፤ ጥርስ ሰው አይገድልም።»

«መርዝ ነው አላልኩም። ሞተሩ ይዘጋም አልልም፤ ቢዘጋ የመጀመሪያዋ ከሳሽ እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው ይጠጣው። ሕፃናቱን ግን ዝም ብዬ አላይም።»

«ዝም ትያለሽ!»

«አልልም፣ ግራዝማች። አነጋገሬን እለውጣለሁ እንጂ ዝም አልልም።»

ካስወጡኝ በኋላ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ዓለት ያልነካውን የዝናብ ውሃ ለሕፃናቱ ላጠራቅምበት የላምባ በርሜል ስጠኝ አልኩት። አባቴ ስለ ልጁ ሞት ሰምቷል፤ ስለ ገንዘብ አንድም አላነሳም። ላምባ ከነካው ለምግብ አይሆንም ብሎ የዘይት በርሜል መረጠልኝ፣ በአመድና በፈላ ውሃ እያጠበ አብሮኝ አመሸ። ቦኖሻ ያሉት የጉራጌ ነጋዴዎች የቆርቆሮ ቁራጭ ሰጡን፤ አናጢው ለክሊኒኩ ጣራ አሸንዳ ሠራለት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ያጥብ፣ አቧራና የወፍ ኩሱን ይውሰድ ብለን አሸንዳውን ዘወር እናደርገዋለን፤ ጣራው ከጠራ በኋላ ብቻ ወደ በርሜሉ እንመልሰዋለን። ትንኝ እንዳይረባበት አፉን በአቡጀዴ እንሸፍናለን፣ በላዩ የእንጨት ክዳን እንጭናለን። እንዲህም ሆኖ የዝናቡ ውሃ ሳይፈላ አይሰጥም፤ ይህኛው ቢፈላ አይጠነክርም። በበጋ ሲያልቅ የፋጡማ ወንድም፣ የሩቅያ አባት፣ ከደጋው ምንጭ በአህያ ያመጣል። ውሃው የሚበቃው ለሕፃን ብቻ ነው፤ በጠርሙስ እየለካን እንሰጣለን። ለሻይ፣ ለእንግዳ፣ ለሹም የለም። ጠባቂዋ ፋጡማ ነበረች። ሕፃን ሳይኖረው ከእሷ እጅ ውሃ ያገኘ ሰው አላውቅም።

አነጋገሬንም ለወጥኩ። አግዳሚው ላይ ከእናትየዋ ጎን ቁጭ እላለሁ። «አንቺ ከሞተሩ ጠጪ፣ ከኩሬው በጭራሽ። ለልጅሽ ጡትሽን ስጪ። ጡት የሌለሽ እንደሆነ፣ ወይ ልጁ አጥሚት ከጀመረ፣ ይቺን ጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ» እላለሁ። ጠርሙሱን እጇ ላይ ሳላስይዛት አላሰናብታትም። ለምለሜ ሌላ ልጅ ስትወልድ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። መጣች። አላናገረችኝም። ጠርሙሱን ብቻ ዘረጋች፣ ፋጡማ ሞላችላት፣ ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልቀረችም። ያንን ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ሆሳዕና ትምህርት ቤት አይቼዋለሁ፤ ሲስቅ ጥርሱ ነጭ ነው። በአቅራቢያችን ያለው የፎንቆ ክሊኒክም በርሜል ተከለ። ሩቅያ ደግሞ አድጋ አገባች፣ ወለደች። እስካሁን ስትስቅ በሻሿ አፏን ትሸፍናለች። የልጆቿን አፍ ግን እኔ ሳልጠይቃት እያስከፈተች ታሳየኛለች።

ግራዝማች ዝም አላሉም። በርሜሉ «የሞተሩን ውሃ ስም የሚያጠፋ» ነው ተብሎ ይነሳ የሚል ትእዛዝ መጣ። አላነሳሁም። ሁለተኛ መጣ። አላነሳሁም። በመጨረሻ በአንድ የገበያ ቀን ራሳቸው በላንድሮቨር፣ ከሁለት ዘበኞች ጋር ወረዱ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታጮኸዋለች። ክሊኒኩ ደጅ ሴቶች ጠርሙሳቸውን ይዘው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ተራ እየጠበቁ ነው።

«ይሄ ነው?» አሉ ግራዝማች በርሜሉን በከዘራቸው እየነኩ። «ድፉት።»

ዘበኞቹ አንድ እርምጃ ተራመዱ። እኔ በርሜሉ ፊት ቆምኩ። ሴቶቹም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ወደኔ ጠጋ ጠጋ አሉ። ማንም አልጮኸም። ለምለሜ ልጇን አዝላ ከሁሉም ፊት ነበረች።

ፋጡማ ግን ከክሊኒኩ ውስጥ ብርጭቆ ይዛ ወጣች። «ግራዝማች፣ ከሩቅ መንገድ ነው የመጡት፣ ላብዎ ይወርዳል። ቁጣውም ይደርሳል። መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ» አለችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

እንግዳ ውሃ ሲሰጠው እምቢ አይልም። ተቀበሉ። ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያ ብርጭቆው ከንፈራቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፋጡማን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፤

«ከየትኛው ነው?»

ጥያቄው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ምን እንደጠየቁ የገባቸው። ዘበኞቹ መሬት መሬት አዩ። ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ከሞተሩ ነው፣ ግራዝማች» አለች ፋጡማ። «የበርሜሉ የሕፃን ነው። ለትልቅ ሰው አንሰጥም።»

ብርጭቆውን ከከንፈራቸው መለስ አደረጉት። አዘንኩላቸው ብል እዋሻለሁ፤ ግን እውነቱን መናገር ሥራዬ ነው። «ይጠጡት» አልኳቸው። «ትልቅ ሰው በአንድ ብርጭቆ ምንም አይሆንም። እኔም በየቀኑ የምጠጣው እሱን ነው።»

ጠጡት። እስከ መጨረሻው ጠጡት። ብርጭቆውን ለፋጡማ መልሰው አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ በርሜሉን አንድ ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ወደ ዘበኞቹ ዞሩ። «ምን ትገተራላችሁ? መኪናውን አስነሱ!»

ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ በመስኮቱ ወረቀት ዘረጉልኝ። ከመምጣታቸው በፊት ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ። የዝውውር ደብዳቤ ነው፤ ከቦኖሻ አርቆ ወደ አንጋጫ።

«ቅጣት መሆኑን እወቂው» አሉኝ።

«አንጋጫም ሕፃናት አሉ» አልኳቸው። ወረቀቱን በርሜሉ ክዳን ላይ ዘረጋሁና ፈረምኩበት።